ትርፍ ፊደል የጫነው አውቶቡስ

የነገሌን የከተማ አውቶቡስ ታሪክ የማያውቅ ሰው የለም። ባጃጅ ተራ ሄዳችሁ ብትጠይቁ፣ ትናንት መንጃ ፈቃድ ያወጣው ሳይቀር እጁን እያወናጨፈ ይተርክላችኋል። አንዱ "ቀለም ቀቢው ሰክሮ ነበር" ይላል። ሌላው "የለም፣ ወታደሩ ሆን ብሎ ነው" ይላል። ሦስተኛው "አውቶቡሱ ራሱ ነው ስሙን የመረጠው" ብሎ ይምላል። ኤዲያ! ቀለም ቀቢው መጠጥ በአፉ ዞሮ አያውቅም፤ ምስኪን በማያውቀው ስካር ሲታማ ኖረ። ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ። ያኔ አራተኛ ክፍል ነበርኩ። አሁን መምህርት ነኝ፤ ያውም የኦሮምኛ ቋንቋ፣ የሰው ልጅ ደብተር ላይ በቀይ እስክሪብቶ የማሰምር። ሳቁ እንግዲህ፣ ስትጨርሱ እቀጥላለሁ።

አባቴ የጦር ሠፈሩ መካኒክ ነበር። መንግሥት ተለውጦ ሠራዊቱ ሲበተን ጓደኞቹ ሁሉ ወደየአገራቸው ገቡ። እሱ ነገሌ ቀረ። ለምን ቀረህ ሲሉት "አየሩ ተስማምቶኝ" ይላል። እናንተዬ፣ የነገሌ በጋ ምን አየር አለው? ያለው ቀይ አቧራ ነው። እናቴ "ይሄ አየር ነው? አፈር እኮ ነው የምንተነፍሰው!" ስትለው "እሱም ተስማምቶኛል" ይላታል። ለእንደዚህ ዓይነት ሰው ምን ይባላል?

አየሩ ለእሱ ይስማማው እንጂ እሱ ለከተማው ገና አልተስማማም ነበር። ጠመንጃውን አስረክቦ፣ የደንብ ልብሱን ቀዳዶ የሞተር መወልወያ ካደረገው በኋላ እንኳ ስሙ "ወታደሩ" ነው። ሻይ ቤት ሲገባ ወሬ ይቋረጣል። ከከተማው ዙሪያ ከሊበን ገጠር ከብት ነድተው የመጡ ሰዎች መንገድ ይለቁለታል፤ ከአክብሮት ግን አይደለም። ኦሮምኛው ደግሞ በጠቅላላ ሁለት የሰላምታ ቃል ነው። "አካም" ይላል፣ "ናጋ" ይላል፤ ሰውየው ስለ ከብቱና ስለ ዝናቡ ሊያጫውተው ሲጀምር አባቴ ቋንቋው ስላለቀበት "ናጋ፣ ናጋ" እያለ ወደ ኋላው ይሸሻል። ማታ እቤት ሲገባ ጫማውን እያወለቀ "ዛሬም ፈሩኝ" ይላል። ያመው ነበር። እየሳቀ ስለሚያወራው አይታወቅበትም እንጂ በጣም ያመው ነበር።

ለዚህ ሕመም መድኃኒት ብሎ ያመጣው አውቶቡስ ነው። አንድ ጋራዥ ጀርባ የተጣለ፣ ሞተር የሌለው፣ ዶሮዎች እንቁላል የሚጥሉበት የአውቶቡስ ቀፎ ነበር። ያን ለምኖ ወሰደ። የአሮጌ የጭነት መኪና ሞተር ገጠመለት፣ ለወንበር ጣውላ መታለት፣ ዓመት ሙሉ ሥሩ ተኝቶ ዋለ። ሐሳቡ ከጦር ሠፈሩ በር ተነስቶ፣ በሆስፒታሉ አድርጎ፣ ከብት ገበያ ድረስ ሰው ማመላለስ ነው። ዋጋው ከአንድ ብርጭቆ ሻይ የረከሰ።

እናቴ "ለምን እንዲህ አረከስከው? ከተማው ውስጥ ሌላ መኪና የለ፣ ከማን ጋር ልትወዳደር ነው?" ብትለው፣

"ከእግራቸው ጋር" አላት። "እግር ደግሞ ነፃ ነው። ስለዚህ ከነፃ ትንሽ ብቻ ነው ከፍ ማለት ያለብኝ።"

የልቡን ግን ቀስ ብሎ ነው የነገረን። "ሰው መኪና ውስጥ ዝም ብሎ አይቀመጥም። አጠገቤ ይቀመጡ እንጂ ያወሩኛል" አለ።

እናቴ የጎጃም ልጅ ናት። ወንድሞቿ "ነዪ" የሚል ደብዳቤ በየጊዜው ይልኩላታል። አውቶቡሱ ሞተሩ የተነሳ ዕለት ትልቁን ቡናማ ሻንጣ ከአልጋ ሥር ስባ አወጣችና በሩ አጠገብ ገተረችው። "ሦስት የገበያ ቀን" አለች። "በሦስት የገበያ ቀን ይሄ ዶሮ ቤት በሰው ካልሞላ አገራችን እንገባለን። ማል።" አባቴ "ማርያምን" አለ። እሱ ደግሞ ከማለ ማለ ነው።

ከዚያ ዕቃ መክተት ጀመረች። ወጥ እየተበላ "ጭልፋው የት አለ?" ሲላት "ተጭኗል" ትለዋለች። "ታዲያ በምን እንጨልፍ?" "ሰው ሲሞላልህ ይወርዳል!" ወጥ በሻይ ብርጭቆ እየቀዳን በላን እላችኋለሁ። እኔ ጎጃምን የማውቀው በእናቴ ኩርፊያ ብቻ ነው። የተወለድኩት ነገሌ፣ ጓደኞቼ ነገሌ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ያ ሻንጣ በሩ ላይ ቆሞ ሲያየኝ ዐይኔን ጨፍኜ አልፈዋለሁ።

አሁን ወደ ስሙ ልምጣ። አባቴ አውቶቡስ ያለ ስም አይሆንም አለ። ጎኑ ላይ፣ ከላይ በአማርኛ "መጥቷል" ይባል፣ ከሥሩ ደግሞ ያው በኦሮምኛ። ያኔ ኦሮምኛ በአዲሱ የላቲን ፊደል ትምህርት ቤት የገባበት ሰሞን ነው። ትልልቆቹ ሰዎች ገና አያነቡትም፤ የምንችለው እኛ ተማሪዎቹ ነን፣ ያ መቻል ከተባለ። መምህራችን ዋናውን ሕግ በዚያው ሳምንት ነግሮናል፤ ድምፁ አጭር ከሆነ ፊደሉ አንዴ፣ ረዥም ከሆነ ሁለቴ ይጻፋል። ከክፍሉ መጀመሪያ የገባኝ እኔን ነው። እንዴት እንደኮራሁ!

"መጥቷል" በኦሮምኛ "ዱፌራ" ነው። አባቴ ሻይ ቤት አጣርቶ መጣና ወረቀት አስይዞኝ በቃሉ አጻፈኝ። ችግሩ፣ አባቴ ሲናገር ሁሉ ነገር ይረዝማል። ዕድሜ ልኩን በሞተር ድምፅ ላይ ሲጮህ የኖረ ጉሮሮ ነው። "ዱኡኡፌራ!" አለ፣ ሰልፍ የሚያዝ ይመስል።

"እንደገና በለው እስቲ አባዬ።"

"ዱኡኡኡፌራ!"

ረዥም ነው፤ ምን ያጠራጥራል? ዩ የምትባለዋን ፊደል ሁለቴ ጻፍኳት፣ ከሥሯ አሰመርኩ፣ ሰጠሁት። አባቴ ወረቀቱን እንደ ደመወዝ ደረት ኪሱ ከቶ ወደ ቀለም ቀቢው ሄደ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስረዳት አለብኝ። የአማርኛ ፊደል ይህን ጉድ ይሸፍነዋል፤ "ዱ" ቢያጥርም ቢረዝምም ያው "ዱ" ነው። በዚያኛው ፊደል ግን መሸሸጊያ የለም። አንድ ዩ ከሆነች "መጥቷል" ነው። ሁለት ዩ ከሆነች፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ "ፈስቷል" ነው።

ቀለም ቀቢው የሩቅ አገር ሰው ነበር፤ የተሰጠውን እያየ በቀይ ቀለም፣ ክንድ በሚያህል ፊደል፣ በግራም በቀኝም ጻፈው። ሲያምር! አባቴ ደግሞ ለጥገና ያልደረሰለት አንድ ነገር ቢኖር የጭስ ማውጫው ማርሚታ ነው። ማርሚታው ተቀዶ ስለነበር ማርሽ በቀየረ ቁጥር ያ አውቶቡስ ከኋላው ይተኩሳል፣ ጥቁር ጭስም ይለቃል። ስሙን በጎኑ ጽፎ፣ ሥራውን በጀርባው እየሠራ፣ አባቴ በመጀመሪያው የገበያ ቀን ከተማ ገባ።

እኔ የሰማሁት ገና በዚያው ዕለት ነው። አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ትምህርት ቤት በር ላይ ቆማ አነበበችው፣ አንዴ ወደኔ አየች፣ ከዚያ መሬት ላይ ተንከባለለች። "አባትሽ ምን ማለቱ ነው?" አለችኝ እንባዋን እየጠረገች። ስትነግረኝ በቁሜ ቀለጥኩ። ተማሪው ሁሉ ከአውቶቡሱ ኋላ እየሮጠ ይንጫጫል። አባቴ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ እጁን ያውለበልባል። ማታ "ሕፃናቱ እንዴት እንደወደዱት!" አለን፤ ፊቱ በርቶ። አሁን ለዚህ ሰው ምን ብዬ ልንገረው?

ሕፃናቱ ወደዱት እንጂ የተሳፈረ ሰው አልነበረም። ልጆች ለአባቶቻቸው አነበቡላቸው፣ አባቶች ለሚስቶቻቸው ነገሩ፣ እስከ ማታ ሊበን ድረስ ተሰማ። የሚገርማችሁ፣ ለአባቴ የሚነግረው ሰው ጠፋ። እንዴት ብሎ ይነገራል? የልጆች አባት የሆነን ትልቅ ሰው አስቁሞ "መኪናህ እንዲህ ይላል" ማለት ያሳፍራል። አባቴ በሩን ከፍቶ "አካም! ናጋ! ግቡ!" ይላል፤ ሰዉ ዐይኑን መሬት ላይ ተክሎ በእግሩ ያልፋል። በሁለተኛው የገበያ ቀን አንዲት ፍየል ገባች፤ እሷም ተሳስታ ነው።

ከብት ገበያው ጥግ ላይ ሰው ሲጣላ የሚዳኙ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ እሳቸው ዝም ካሉ ሁሉም ዝም፣ እሳቸው ከሄዱ ሁሉም ይሄዳል። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው አባቴ አውቶቡሱን አጠገባቸው ድረስ አምጥቶ አቆመላቸው። ሽማግሌው በትራቸውን ተመርኩዘው ጽሑፉን አዩት፣ አባቴን አዩት፣ ጀርባቸውን ሰጥተው እያነከሱ ሄዱ። የዚያን ቀን ማታ አባቴ እራት አልበላም። እናቴ ብርድ ልብሶቹን ሻንጣው ውስጥ ጠቀጠቀች፤ ሻንጣው አልዘጋ ሲል በላዩ ቁጭ አለችበት። እኔ ተሸፋፍኜ አለቀስኩ። ተናገሪ ይለኛል ልቤ፤ አፌ ግን እምቢ አለ። ፈሪ ነበርኩ፣ ምን ይደረግ!

ሦስተኛው የገበያ ቀን ጠዋት ወተት የምታመጣልን ሴት መጣች። እናቴ ከአባቴ ይልቅ ኦሮምኛ ትችላለች፤ ገበያ ሴትን ያስተምራል። የወተቱን ዕቃ ከመቀበሏ በፊት ፊት ለፊት ጠየቀቻት። "እስቲ ንገሪኝ፣ ሰዎችሽ ባለቤቴን ለምንድን ነው የሚሸሹት?" ሴትየዋ ሻሿን በአፏ ላይ አደረገች። "ንገሪኝ አልኩሽ፣ ነገ ከነገ ወዲያ ልሄድልሽ ነው" አለቻት። ሴትየዋ ጠጋ ብላ በጆሮዋ አንሾካሾከች።

እናቴን አንድ ድምፅ ወጣት፤ የምታለቅስ መስሎኝ ብድግ አልኩ። ለካ ሳቅ ነው። ግድግዳ ይዛ ሳቀች፣ ተቀምጣ ሳቀች፣ ወተቱ ተደፋ፣ ወተት ሻጯም ተጨመረች። እናቴ እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበር። "አንተ ሰውዬ! ና ውጣ ከዚያ!" ብላ አባቴን ከአውቶቡሱ ሥር ጠራችው። ነገረችው።

አባቴ አልሳቀም። እጁ ላይ ያለውን ግራሶ በሱሪው ጠረገ። "ሁለት ሳምንት ሙሉ?" አለ። "ሁለት ሳምንት ሙሉ እንዲህ እያልኩ ሰላም ስላቸው ነበር?" አንጀቴን በላው። ከዚያ የቀለም ቆርቆሮና ብሩሽ ይዞ መሪው ላይ ተቀመጠ። "በሰው ፊት ነው የዞርኩበት፣ በሰው ፊት አጠፋዋለሁ" አለ። እናቴና እኔም ገባን። እናቴ ሻንጣውን ይዛው ገባች፤ እንዲያው እጇ ላይ ስለተገኘ ነው።

ከብት ገበያው መሐል አቆመ። ብሩሹን ቀለም ውስጥ ሲነክር ሰዉ ተሰበሰበ። ሽማግሌው እያነከሱ መጥተው በበትራቸው ብሩሹን ያዝ አድርገው በአማርኛ ጠየቁት።

"አንተ ወታደር፣ ምን ልታደርግ ነው?"

"አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ። 'መጥቷል' ያልኩ መስሎኝ ነው። ትርጉሙን ዛሬ ነው የሰማሁት።"

"አላወቅክም?"

"አላወቅኩም።"

"ቋንቋችን መኪና ላይ ተጽፎ ስናይ ገና የመጀመሪያችን ነው" አሉ ሽማግሌው፣ ድምፃቸው ጠንከር ብሎ። "ደስ ሊለን ሲል እንዲህ የሚል ሆነ። አንተም በአጠገባችን እየተኮስክ ታልፋለህ። ትሰድበናለህ ብለን ነበር እኮ። ማነው የጻፈው?"

እኔ ሻንጣው ኋላ ተደብቄአለሁ። አባቴ ወዴትም ሳያይ "እኔ ነኝ" አለ።

አንዱ ከሰው መሐል "አንተ ደግሞ በዚህ ፊደል መጻፍ ትችላለህ?" አለው።

"አልችልም" አለ አባቴ። "አታዩትም እንዴ?"

የሽማግሌው ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። በትራቸውን ለቀው አውቶቡሱ ደረጃ ላይ ዘፍ አሉ፤ እየሳቁ ሳል ያዛቸው፣ እየሳሉ ይስቃሉ። ያን ጊዜ ገበያው በሙሉ ፈነዳ። ሁለት ሳምንት በየቤቱ ታፍኖ የቆየ ሳቅ ነው፤ ከብቶቹ ደንብረው ገመድ በጠሱ። አባቴም ብሩሹን እንደያዘ መጀመሪያ ፈገግ፣ ከዚያ ሆዱን ይዞ። ሽማግሌው ዐይናቸውን ጠርገው "ለካ የሰደብከው ራስህን ነው! በል ቀለምህን ክደን፣ እንዳትነካው። ጉልበቴን አሞኛል፣ ውሰደኝ" አሉት። ጋቢና ወጥተው አጠገቡ ተቀመጡ።

እሳቸው ከገቡ ማን ይቀራል? ሰዉ በር ላይ ተጋፋ። በር የሚይዝ ረዳት የለ፣ አባቴ ለዚህ አልተዘጋጀም። እናቴ፣ ያቺ አገሬ ልግባ ስትል የከረመችው ሴት፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ በሩ ላይ ወጣች። "ጠጋ ጠጋ በሉ! አንተ፣ ፍየሏን እቅፍህ ላይ አድርጋት!" ሻንጣው መንገድ ቢዘጋባት በሩ አጠገብ አጋድማ ተቀመጠችበት። ሆስፒታሉ ጋ ስንደርስ "ወራጅ አለ?" ብላ ጮኸች። የሚወርድ የለም፤ ሰው ሁሉ አባቴ የአውቶቡሱን ስም በራሱ አፍ እንዲጠራ እየለመነ እየሳቀ ነው። የአውቶቡሱን ጎን በመዳፏ ሁለቴ መታችና "ወራጅ የለም! ንዳው!" አለች። ማታ ጭልፋው ወረደ፤ ሻንጣው ግን የእናቴ መቀመጫ ሆኖ እዚያው አውቶቡሱ በር አጠገብ ቀረ።

ከዚያ ወዲያ "ወታደሩ" የሚባል ሰው ነገሌ ውስጥ አልነበረም። አባ ዱፌራ ሆነ። በኦሮምኛው "የዱፌራ ጌታ" እንደማለት ነው፤ ሰው በፈረሱ ስም እንደሚጠራው ዓይነት። እኔም የአባ ዱፌራ ልጅ። ስድብ ነው ካላችሁ ስድብ ነው፤ አባቴ ግን ሲጠሩት ከመቀመጫው ይነሳል።

ሠፈሩ ሁሉ በአውቶቡሱ ኖረ። በእቅፍ ለሚያዝ አይከፈልም የሚለው ሕግ ለሕፃናት ነበር የወጣው፤ ሊበኖች ሲሰሙ ፍየል ሁሉ እቅፍ ላይ መጣ። ትራፊክ ፖሊስ "ትርፍ ጭነሃል" ሲለው ሽማግሌው ከጋቢና አንገታቸውን አውጥተው "ትርፏማ ጎኑ ላይ ናት፣ ቁጠራት!" ይሉታል። አንድ ጊዜ አባቴ ጨክኖ ማርሚታውን አሠራው። ሰው ተቆጣ! መምጣቱን በድምፁ ነበር የሚያውቁት፤ ድምፅ አጥፍቶ ሲያልፍ ግማሹ ገበያ አመለጠው። "ስሙን ካደ" ብለው አላስቀምጥ ሲሉት በሳምንቱ መልሶ ቀደደው። ኋላ ላይ አንድ ነጋዴ ይህን አይቶ አዲስ ሚኒባስ አመጣና በትክክለኛው አጻጻፍ፣ በአንዷ ዩ ብቻ፣ "ዱፌራ" ብሎ ጻፈበት። ሰው ጎኑን አንብቦ "ያኛው አይደለም" እያለ ያሳልፈው ነበር።

እኔ ተምሬ መምህርት ሆኜ ስመለስ የከተማው ጽሕፈት ቤት "አጻጻፉ ስሕተት ነው፣ ይታረም" የሚል ደብዳቤ ላከ። እንዲያርምም የቋንቋ ባለሙያ መደቡ። ማንን ቢመድቡ ጥሩ ነው? እኔን! ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ አደርኩና ጠዋት ብሩሽ ይዤ አባቴ ፊት ቆምኩ። "አባዬ፣ ያቺን ቃል የጻፍኳት እኔ ነኝ" አልኩት፣ እንባዬ እየመጣ።

"አንቺ ልጅ ደህና ነሽ?" አለኝ። "ወረቀቱን ከእጅሽ የወሰድኩት እኔ አይደለሁም እንዴ? ማን የጻፈው መሰለሽ የኖርኩት?"

ያን ሁሉ ዓመት የደበቅኩት ሚስጥር ይኼው ነው እንግዲህ! "ደግሞ እኔ እንዳልኩት ነው የጻፍሽው። አፌ ነው ትርፍ የጫነው። አታውርጂያት" አለ። እኔም ለጽሕፈት ቤቱ፣ ይህ የተጸውዖ ስም ስለሆነ በሰዋስው አይታረምም ብዬ በማዕረጌ ፈርሜ ጻፍኩ። ይህን ደብዳቤ ተማሪዎቼ እንዳያዩብኝ።

ባጃጅ መጣ፣ ከተማው ሰፋ፣ አውቶቡሱም አባቴም አረጁ። አውቶቡሱ ግቢያችን ውስጥ ቆመ፤ ዶሮዎች እንደ ድሮው ገቡበት። አባቴ ሲሞት ለቅሶው ላይ ከሊበን በጭነት መኪናም በእግርም መጡ። ያ ሽማግሌ ቀድመውት ሞተዋል፤ ልጃቸው ድንኳኑ በር ላይ ቆሞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ "አባ ዱፌራ ጥሎን ሄደ" አለ። ማንም አልሳቀም። እኔና እናቴ ብቻ ተያየንና ነጠላ ውስጥ ገባን፤ የገባነው ለማልቀስ ነው፣ በግማሹ።

ከአርባው በኋላ አጎቴ ከጎጃም መኪና ይዞ መጣ። "በይ እህቴ፣ እዚህ ምን ቀረሽ? ሻንጣሽን አውጪና አገርሽ እንግባ" አላት። እናቴ ተነስታ ወደ ግቢው ወጣች፣ ዶሮዎቹን እሽ ብላ አባረረች፣ አውቶቡሱ ውስጥ ገብታ በሩ አጠገብ የነበረው ቡናማ ሻንጣ ላይ ተቀመጠች። አጎቴ ተከትሏት አንድ እግሩን ደረጃው ላይ አደረገ። "ምን እያደረግሽ ነው? ሰው እየጠበቀን ነው እኮ፣ ውረጂ" አላት። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። የአውቶቡሱን ጎን በመዳፏ ሁለቴ መታች፣ ፊቷን ወደ ባዶው የሹፌር ወንበር አዞረች።

"ወራጅ የለም" አለች። "ንዳው!"